አገረ ገዢው አልፈርምም ካለ የምክር ቤቱ ሕግ የት ይደርሳል?

ጠያቂው
ሰላም ለመድረኩ። የክፍለ ግዛት ምክር ቤት አንድ ሕግ አጽድቆ ለአገረ ገዢው ይልካል እንበል። አገረ ገዢው አይፈርምም፣ አይመልስምም፤ ዝም ይላል። ሕጉ ምን ይሆናል? አንድ ቦታ «ቀኑ ሲያልፍ በራሱ ይጸናል» የሚል አነበብኩ። ሌላ ቦታ «ቀኑ ካለፈ ወደቀ» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ዓመትም ሊተኛ ይችላል» አለ። ሦስቱም የሚጽፉት ስለ ፌዴራል ሥርዓት ነው። የተሳሳተው የትኛው ነው?

ዘአንቀጽ
አንዳቸውም አልተሳሳቱም፤ የሚያወሩት ስለተለያየ ሹም ነው። (የውጭ አገሮቹን ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የኢትዮጵያ ሲሆን ዓ.ም. እጨምርበታለሁ።)

በአሜሪካና በናይጄሪያ አገረ ገዢ ማለት ሕዝብ በቀጥታ የመረጠው የአስፈጻሚው አካል የበላይ ነው። ካቢኔውን እሱ ያዋቅራል፣ የበጀት ረቂቅ ከእሱ ቢሮ ይወጣል። በህንድ ግን አገረ ገዢውን በአንቀጽ 155 መሠረት የሚሾመው የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ነው፤ የሥራ ዘመኑ 5 ዓመት ቢሆንም በአንቀጽ 156 ፕሬዚዳንቱ እስከፈቀደ ድረስ ብቻ ነው ወንበሩ ላይ የሚቆየው። ክፍለ ግዛቱን በተግባር የሚመራው ሌላ ሰው ነው፤ በምክር ቤቱ አብላጫ ያለው ቺፍ ሚኒስትር። ሦስተኛው ዓይነት ምክር ቤቱ ራሱ የሚመርጠው ነው፤ የኢትዮጵያ ርዕሰ መስተዳድርና የጀርመኑ ሚኒስትር ፕሬዚዳንት። እነሱን «አገረ ገዢ» ብሎ መጥራት ነው ግማሹን ግራ መጋባት ያመጣው።

አሁን ወደ ዝምታው። ቴክሳስ ውስጥ አገረ ገዢው ረቂቁ ከደረሰው ጀምሮ እሑድ ሳይቆጠር 10 ቀን አለው፤ ዝም ካለ ሕጉ ያለ ፊርማ ይጸናል። ኒው ዮርክ ውስጥም 10 ቀን ነው፤ ግን ምክር ቤቱ የመጨረሻ ስብሰባውን ዘግቶ ከተበተነ 30 ቀን ይሆንና በዚያ ውስጥ ያልተፈረመ ሕግ ይሞታል። ያው ዝምታ በአንድ ክፍለ ግዛት ውስጥ እንኳ ምክር ቤቱ ተቀምጦ ሳለ ያጸድቃል፣ ምክር ቤቱ ሲበተን ይገድላል። ህንድ ጋ ስትደርስ አንቀጽ 200 ቁጥር የለውም፤ የሚለው «በተቻለ ፍጥነት» ነው። ያ ቃል ስንት ዓመት ክርክር እንዳስነሳ የሚያውቀው ሰው እዚህ ስላለ ለእሱ ልተወው።

ስለዚህ የማንኛውንም ክፍለ ግዛት ሕገ መንግሥት ስትከፍት መጀመሪያ የምትፈልገው ስንት ቀን እንደሚል፣ ዝምታ ምን እንደሚያስከትልና ምክር ቤቱ ከተዘጋ ሒሳቡ ይለወጥ እንደሆነ ነው።

ድምፅ ቆጣሪ
አራተኛም አለ፤ ሰዎች ሁልጊዜ የሚዘሉት እሱን ነው። «ሁለት ሦስተኛ» ከምን?

ከተገኙት አባላት ሁለት ሦስተኛና ከጠቅላላው አባላት ሁለት ሦስተኛ ሰማይና ምድር ናቸው። 100 መቀመጫ ያለው ምክር ቤት 60 ሰው ተገኝቶበት ከሆነ በመጀመሪያው 40 ድምፅ ይበቃል። በሁለተኛው 67 ያስፈልጋል፤ አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሁሉ እጃቸውን ቢያወጡም አይሞላም። በዚህኛው ሥርዓት የቀረ ሰው ማለት ተቃውሞ የሰጠ ሰው ማለት ነው።

ቬቶ (አገረ ገዢው ሕጉን አልቀበልም ማለቱ) ለመሻር የሚጠየቀውም ቢሆን ሁሉም ጋ ሁለት ሦስተኛ አይደለም። አላባማ፣ ኢንዲያና፣ ኬንተኪና ቴነሲ ውስጥ ከተመረጡት አባላት ግማሽ ሲደመር አንድ ይበቃል። እንዲህ ባለ ቦታ ሕጉን ያሳለፈው አብላጫ ራሱ ይሽረዋል፤ ቬቶ ከማዘግየትና ከማሳጣት አያልፍም። በተቃራኒው ጫፍ አላስካ አለች፤ ለበጀት ነክ ቬቶ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው ሦስት አራተኛ ማምጣት አለባቸው። «አገረ ገዢው ኃይለኛ ነው ወይስ ደካማ» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ከሹሙ ጠባይ ይልቅ ይህቺ ቁጥር ብዙ ትነግረዋለች።

ጠያቂው
እሺ፣ ዘአንቀጽ የቴክሳሱ ግልጽ ነው። ግን እንደዚያ ከሆነ የቴክሳስ ምክር ቤት ደካማ አይደለም ማለት ነው? ዝም ካለ ይጸናል፣ ከመለሰ ይሽሩታል።

ዘአንቀጽ
በወረቀት እንደሱ ነው፤ በተግባር የቀን መቁጠሪያው ለአገረ ገዢው ይሠራል። የቴክሳስ ምክር ቤት መደበኛ ስብሰባውን የሚያደርገው በየሁለት ዓመቱ፣ ጎዶሎ ቁጥር ባለው ዓመት ሲሆን ከ140 ቀን አይበልጥም። አብዛኛው ሕግ የሚያልፈው ደግሞ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው። ስብሰባው ሊዘጋ 10 ቀን ሳይሞላው የተላከ ሕግ ላይ አገረ ገዢው የመወሰኛ ጊዜው ከተዘጋ በኋላ 20 ቀን ይሆናል። በዚያ ጊዜ ቬቶ ካደረገ የሚሽረው የለም፤ አባላቱ ቤታቸው ገብተዋል። ልዩ ስብሰባ የመጥራት ሥልጣን ያለው ደግሞ አገረ ገዢው ራሱ ነው፤ አጀንዳውንም እሱ ይወስናል፣ ጊዜውም ከ30 ቀን አያልፍም። ቬቶዬን ሻሩልኝ ብሎ የሚጠራ አታገኝም። ቴክሳስ ውስጥ ቬቶ ከ1979 ወዲህ ተሽሮ አያውቅም።

ሕጉን በእውነት የሚፈልግ አባል ማድረግ ያለበት ስብሰባው ከመዘጋቱ ቢያንስ 12 የካላንደር ቀን ቀደም ብሎ ረቂቁ አገረ ገዢው ጠረጴዛ ላይ መድረሱን ማረጋገጥ ነው፤ እሑዶቹ አይቆጠሩምና። በሁለቱም ምክር ቤቶች ካለፈ በኋላ ንጹሕ ቅጂው ተዘጋጅቶ እስኪፈረምና እስኪላክ የሚበላውን ጊዜም በዚህ ላይ ይደምር። «ከግማሽ በላይ አግኝተናል» ብለው እየተጨባበጡ ሳለ ቀኑ ያልቃል።

ድምፅ ቆጣሪ
ምልዓተ ጉባኤም አትርሳ። የቴክሳስ ተወካዮች ምክር ቤት 150 አባላት አሉት፤ ለመሰብሰብ ሁለት ሦስተኛ ማለትም 100 ያስፈልጋል። ስለዚህ 51 ሰው ከጠፋ ምንም መወሰን አይቻልም። አፈ ጉባኤው የጠፉትን አስይዞ ማስመጣት ይችላል፣ ግን የክፍለ ግዛቱ ማዘዣ ከድንበር አያልፍም። ለዚህ ነው ምልዓተ ጉባኤውን ለማጉደል የፈለጉ የአናሳው ወገን አባላት በ2021 ወደ ዋሽንግተን፣ በ2025 ወደ ኢሊኖይ የሄዱት። ምልዓተ ጉባኤው ግማሽ ሲደመር አንድ በሆነበት ቦታ ይህ ዘዴ ለአናሳው ወገን አይሠራም።

ሸንጎ
ናይጄሪያን ላምጣ፤ ብዙ የተፈተነ ጽሑፍ ስለሆነ።

የ1999ኙ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 100 ለአገረ ገዢው 30 ቀን ይሰጣል። ፈቃዱን ከነፈገ ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ እንደገና ሲያሳልፈው ያለ እሱ ፊርማ ሕግ ይሆናል። ይህ ብዙ ጭቅጭቅ አያመጣም። የሚያነክሰው አንቀጽ 188 ነው፤ አገረ ገዢን ከሥልጣን ማንሳት። አካሄዱ እንዲህ ነው፦

ከአባላቱ ሲሶ ያላነሱ የፈረሙበት፣ ጥፋቱን በዝርዝር የሚያስረዳ የጽሑፍ ማስታወቂያ ለአፈ ጉባኤው ይቀርባል። አፈ ጉባኤው በ7 ቀን ውስጥ ለአገረ ገዢውና ለእያንዳንዱ አባል ያደርሳል። ማስታወቂያው ከቀረበ በ14 ቀን ውስጥ ምክር ቤቱ ያለ ክርክር «ይጣራ ወይስ አይጣራ» ብሎ ድምፅ ይሰጣል፤ የሚያስፈልገው ከጠቅላላው አባላት ሁለት ሦስተኛ ነው። ይጣራ ከተባለ የክፍለ ግዛቱ ዋና ዳኛ በአፈ ጉባኤው ጥያቄ በ7 ቀን ውስጥ ሰባት ሰው ያለው አጣሪ ቡድን ይሰይማል፤ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የምክር ቤት አባልም ሆነ የፓርቲ አባል አይገባበትም። ቡድኑ 3 ወር አለው። «አልተረጋገጠም» ካለ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ምክር ቤቱ ሌላ ቡድን ይሰየምልኝ ማለት አይችልም። «ተረጋግጧል» ካለ ሪፖርቱ በደረሰ በ14 ቀን ውስጥ አሁንም ከጠቅላላው ሁለት ሦስተኛ ካጸደቀው አገረ ገዢው በዚያው ቀን ይነሳል።

የሚበላሸው የት ነው? ሁልጊዜ ቆጠራው ላይ። በጥር 2006 ኦዮ ክፍለ ግዛት አገረ ገዢ ላዶጃ «ተነሡ» ሲባሉ ውሳኔውን የሰጡት ከ32 አባላት 18ቱ ነበሩ፤ ያውም ከምክር ቤቱ አዳራሽ ውጭ ሆቴል ውስጥ ተሰብስበው። ከ32 ሁለት ሦስተኛ 21.33 ስለሆነ 22 ሰው ያስፈልጋል። 188(10) «ፍርድ ቤት ይህን አያይም» ይላል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ክልከላው የሚሠራው አካሄዱ በደንብ ከተፈጸመ ብቻ ነው ብሎ ሹሙን በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መለሳቸው። 18 ሰው 11 ወር ሙሉ ሥልጣን ያዛወረ መሰለው እንጂ ምንም አላደረገም።

ነገረ ፈጅ
ለሸንጎ፦ አካሄዱን አሳምረህ አስቀምጠኸዋል። አንድ ቀዳዳ ግን ልጨምር። «ከባድ ጥፋት» የሚለውን ቃል አንቀጹ ሲተረጉም ሕገ መንግሥቱን በከባዱ መጣስን ካስቀመጠ በኋላ «ወይም በምክር ቤቱ አስተያየት ከባድ የሆነ» ብሎ ይጨምርበታል። ስለዚህ ፍርድ ቤት አካሄዱን ይመረምራል እንጂ ጥፋቱ ከባድ ነው አይደለም የሚለውን ብዙም አይነካም። 40 አባላት ባሉት ምክር ቤት (ከፍተኛው ቁጥር ነው፤ ዝቅተኛው 24) 27 ታማኝ ሰው ያለው ወገን ምክንያት አያጣም። ብሬኩ የሰባቱ ሰዎች ቡድን ብቻ ነው፤ የዋና ዳኛው ነፃነትም እዚያ ላይ ነው የሚታየው።

ቆጠራ ካነሳችሁ፣ በመጋቢት 2025 የሪቨርስ ክፍለ ግዛት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ያው ነው። አንቀጽ 305 ከሁለቱም የፌዴራል ምክር ቤቶች ጠቅላላ አባላት ሁለት ሦስተኛ ይጠይቃል። እነሱ ግን በ«አዎ» ድምፅ ጩኸት አሳለፉት። ጩኸት እንዴት ይቆጠራል? ይህ ነበር አንዱ ተቃውሞ። ሌላው አንቀጹ አገረ ገዢን ወይም የክፍለ ግዛት ምክር ቤትን ስለማገድ በቃል የማይናገር መሆኑ፤ አዋጁ ግን ሁለቱንም ለ6 ወር አገደ።

ጠያቂው
ህንድን የሚያውቀው ሰው ዝም አለ እንዴ? «ዓመት ሊተኛ ይችላል» የተባለው እሱ ስለሆነ ነው።

ብራና
መጣሁ።

አንቀጽ 200 ለአገረ ገዢው ያስቀመጠው መፍቀድ፣ መንፈግና ለፕሬዚዳንቱ ማቆየት ነው። የገንዘብ ሕግ ካልሆነ ደግሞ እንደገና እንዲታይ ከመልእክት ጋር ሊመልሰው ይችላል። ምክር ቤቱ ቢለውጠውም ባይለውጠውም መልሶ ካሳለፈው አገረ ገዢው ሊነፍግ አይችልም፤ ይህ በግልጽ ተጽፏል። ያልተጻፈው ቀኑ ነው። በዚህ ክፍተት ብዙ አገረ ገዢዎች አራተኛ አማራጭ ፈጠሩ፤ መሳቢያ። ረቂቁን ተቀብለህ ትቆልፋለህ፣ አልነፈግክም፣ አልፈቀድክም። ማዕከሉን የያዘው ፓርቲና ክፍለ ግዛቱን የያዘው ፓርቲ ሲለያዩ መሳቢያው ይሞላል።

የታሚል ናዱን ጉዳይ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ከረቂቆቹ አንዳንዶቹ ከ2020 ጀምሮ የቆዩ ነበሩ። በኅዳር 2023 አገረ ገዢው 10ሩን «ነፍጌያለሁ» ብለው መለሱ፤ ከቀናት በኋላ ምክር ቤቱ በልዩ ስብሰባ አሥሩንም እንዳሉ አሳለፈ፤ አሁን መንፈግ ስለማይችሉ አገረ ገዢው በዚያው ወር ማብቂያ አሥሩንም ለፕሬዚዳንቱ አስተላለፉ። ሚያዝያ 8 ቀን 2025 ሁለት ዳኞች ያሉት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ችሎት ይህ አካሄድ ሕገወጥ ነው አለና በአንቀጽ 142 ሥልጣኑ አሥሩ ሕጎች እንደተፈቀዱ ይቆጠሩ ብሎ ወሰነ። ለወደፊቱም እንደ ሁኔታው የ1 ወርና የ3 ወር የጊዜ ገደብ አስቀመጠ።

ወዲህ ወዲያ
ስለዚህ አሁን ህንድ ውስጥ 3 ወር ካለፈ ሕጉ በራሱ ይጸናል ማለት ነው። ክርክሩ ተዘጋ።

ብራና
አልተዘጋም፤ ይህን ስህተት ብዙ ቦታ አየዋለሁ። ከዚያ ፍርድ በኋላ ፕሬዚዳንቷ በአንቀጽ 143 ጥያቄውን ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ላኩት፤ ኅዳር 20 ቀን 2025 አምስት ዳኞች አስተያየት ሰጡ። ሕገ መንግሥቱ ያላስቀመጠውን ቀን ፍርድ ቤት ማስቀመጥ አይችልም፤ «እንደተፈቀደ ይቆጠር» የሚባልም ነገር የለም አሉ። በሌላ በኩል ዝም ብሎ የመንፈግ መብት የለም፤ መንፈግ ካለ ከመመለስ ጋር ነው አሉ። ያለ ምክንያት እጅግ ከተጓተተ ደግሞ ፍርድ ቤቱ «ወስን» ብሎ ሊያዝ ይችላል፤ ምን ብሎ እንደሚወስን ግን አይነግረውም።

በተግባር ምን ተለወጠ? የምክር ቤቱ ጠበቃ የሚጠይቀው ዳኝነት ተለወጠ። ትናንት «ሕጉ ጸንቷል በሉልኝ» ይል ነበር። ዛሬ «ይወስን በሉልኝ» ነው ማለት ያለበት። ለዚያ ደግሞ ፋይሉ ውስጥ ረቂቁ ለአገረ ገዢው ቢሮ የገባበት ቀን፣ ማስታወሻ የተጻፈባቸው ቀኖችና መልስ አለመምጣቱ ተያይዘው መገኘት አለባቸው። ቀን የሌለበት አቤቱታ «እጅግ ተጓተተ» የሚለውን አያስረዳም።

ወዲህ ወዲያ
ተቀብያለሁ። የሚያዝያውን ብቻ ነበር ያነበብኩት።

ሸንጎ
ከመፈረምና ካለመፈረም መሃል ያለውንስ? አሜሪካ ውስጥ 44 ክፍለ ግዛቶች አገረ ገዢው ከበጀት ሕግ ውስጥ አንዱን ርዕስ ሰርዞ ሌላውን እንዲፈርም ይፈቅዳሉ። ፕሬዚዳንቱ ይህ ሥልጣን የለውም፤ ኮንግረስ በሕግ ሊሰጠው ሞክሮ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1998 ሽሮታል። ከሁሉም የሚያስገርመው ዊስኮንሲን ነው። እዚያ አገረ ገዢው ርዕስ ብቻ ሳይሆን ቃልና አኃዝ ይሰርዛል። ድሮ ፊደል እየለቀሙ አዲስ ቃል ይሠሩ ነበር፤ በ1990 ሕዝቡ ያንን ከለከለ። ከዚያ የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮችን ቆራርጦ መስፋት መጣ፤ በ2008 ያም ተከለከለ። አኃዝ ግን ቀረ።

በ2023 ምክር ቤቱ ትምህርት ቤቶች በአንድ ተማሪ 325 ዶላር ተጨማሪ ገቢ መሰብሰብ የሚችሉበትን ፈቃድ ለሁለት ዓመት ብሎ «2024-25» የሚል ጽፎ ላከ። አገረ ገዢው «20»ንና ሰረዙን ሰረዙ። የቀረው «2425»። ፈቃዱ እስከ 2425 ዓመት ሆነ፤ 400 ዓመት። የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሚያዝያ 2025 በ4 ለ 3 ይህ ከሥልጣኑ አይወጣም አለ።

እዚያ ሕግ የሚያረቅቅ ሰው አሁን የሚያደርገው ዓመትን በአኃዝ አለመጻፍ ነው ብዬ አልምልም፤ ማድረግ ያለበት ግን ያንን ነው። ወይም ገደቡን ከበጀት ሕግ ውጭ ባለ ረቂቅ ውስጥ ማስቀመጥ፤ ከፊል ቬቶ የሚነካው ገንዘብ የሚመድብ ሕግን ብቻ ነውና።

ድምፅ ቆጣሪ
ሳቄ መጣ። እያንዳንዱ አኃዝ ሊሰረዝ የሚችል ከሆነ ረቂቁን የሚያነበው የመጨረሻ ሰው ማጥፊያ ይዞ ማንበብ አለበት፤ «ከዚህ ውስጥ ማንኛውንም ባጠፋ ምን ይወጣል?» እያለ።

ጠያቂው
አንድ ጥያቄ ልጨምር። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት «የክፍለ ግዛት ምክር ቤት» ብሎ ሥራ ሲሰጥ አገረ ገዢው ይቆጠራል ወይ?

ነገረ ፈጅ
እዚህ ላይ አሜሪካኖቹ ከአንድ ቃል ሁለት መልስ ነው ያወጡት፤ ልዩነቱም ትክክል ነው።

የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሲመጣ የሦስት አራተኛ ክፍለ ግዛቶች ምክር ቤቶች (ዛሬ 38) ሲያጸድቁ ይሠራል። በ1920 በኦሃዮ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህ ሕግ ማውጣት አይደለም፣ ስምምነት መስጠት ነው አለ። ስለዚህ ጉዳዩ በምክር ቤቱ ያልቃል፤ አገረ ገዢው ቬቶ የለውም። አንቀጽ አንድ ክፍል 4 ደግሞ የኮንግረስ ምርጫን ጊዜ፣ ቦታና አኳኋን ለ«ምክር ቤቱ» ይሰጣል። በ1932 በሚኒሶታ ጉዳይ ይህ ሕግ ማውጣት ነው ተባለ፤ እንግዲያው የክፍለ ግዛቱ የሕግ አወጣጥ ሥርዓት ሙሉ በሙሉ ይሠራል፣ ቬቶም ጭምር። በ2023 ደግሞ በሰሜን ካሮላይናው ጉዳይ 6 ለ 3 የክፍለ ግዛት ፍርድ ቤቶች ቁጥጥርም ከዚህ አይወጣም አለ።

አንድ መያዣ፦ አገረ ገዢው ቬቶ የሚኖረው የክፍለ ግዛቱ ሕገ መንግሥት ከሰጠው ነው። ሰሜን ካሮላይና ለአገረ ገዢዋ ቬቶ የሰጠችው በ1996 ነው፤ ከዚያም የምርጫ ካርታን ከቬቶ ውጭ አድርጋለች። ስለዚህ ሚኒሶታ ላይ የሠራው ፍርድ እዚያ ለአገረ ገዢው ምንም አይጠቅመውም።

ዘአንቀጽ
የኢትዮጵያን ነገር አንሥቼ ጥዬዋለሁ፤ ልመለስበት። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 የክልሉ የበላይ የሥልጣን አካል የክልሉ ምክር ቤት መሆኑን ይናገራል፤ የክልሉን ሕገ መንግሥት የሚያዘጋጀው፣ የሚያጸድቀው፣ የሚያሻሽለውም እሱ ነው። የክልሉ መስተዳድር የአስፈጻሚነት ሥልጣን የበላይ አካል ነው። ርዕሰ መስተዳድሩ ከምክር ቤቱ ስለሚወጣ «የአገረ ገዢ ቬቶ» የሚባለው ጥያቄ እዚህ አይነሣም። በፌዴራል ደረጃ እንኳ በአንቀጽ 57 ፕሬዚዳንቱ የጸደቀ ሕግ በ15 ቀን ካልፈረመ ሕጉ ያለ ፊርማው ሥራ ላይ ይውላል። ፊርማው ማስታወቂያ እንጂ በር አይደለም።

ይልቅ የክልል ምክር ቤት ክብደት የሚታየው ሌላ ቦታ ነው። አንቀጽ 105ን ተመልከቱ። ምዕራፍ ሦስትን፣ ማለትም የመብቶችና የነፃነቶችን ምዕራፍ፣ ለማሻሻል ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በአብላጫ ድምፅ መስማማት አለባቸው፤ ከ12 አንዱ እምቢ ካለ ቆመ። ለሌላው ድንጋጌ ከሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛና ከክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ይበቃል፤ ከ12 ስምንት ማለት ነው። ክልሎቹ ዘጠኝ በነበሩበት ጊዜ ስድስት ነበር። አዲስ ክልል ሲወለድ ይህ ቁጥር ዝም ብሎ ይሄዳል።

ሸንጎ
ቀን ተጽፎ ቅጣት ሳይጻፍ ሲቀር ምን እንደሚሆንም እዚያው አለ። አንቀጽ 47 አዲስ ክልል የመመሥረት ጥያቄ በብሔረሰቡ ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ተወስኖ ሲቀርብ የክልሉ ምክር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ እንዲያደራጅ ያዛል። ሲዳማ ጥያቄውን ያቀረበው በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ነው፤ ሕዝበ ውሳኔው የተካሄደው ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም.። ዓመቱ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን አንቀጹ አይልም። ብራና ስለ «በተቻለ ፍጥነት» የጻፈውን አስታውሱ፤ ቁጥር መኖሩም ብቻውን አልበቃም።

ብራና
ድንበርና አዲስ ክፍለ ግዛት ከተነሣ፣ ምክር ቤቱ የሚጠየቀው ለፈቃድ ነው ወይስ ለአስተያየት የሚለው ትልቅ ልዩነት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከአንድ ክፍለ ግዛት ሌላ ለመቁረጥ የራሱ ምክር ቤት ፈቃድ ግዴታ ነው። ህንድ ውስጥ በአንቀጽ 3 ፓርላማው በቀላል አብላጫ ይቆርጣል፤ ምክር ቤቱ የሚላክለት አስተያየቱን እንዲሰጥ ነው። በጥር 2014 የአንድራ ፕራዴሽ ምክር ቤት ረቂቁን ጣለው፤ ሰኔ 2 ቀን 2014 ቴላንጋና ተመሠረተች።

ድምፅ ቆጣሪ
ጀርመንን አንድም ሰው አልነካትም። እዚያ በፌዴራሉ ሕግ አወጣጥ ውስጥ የሚቀመጠው የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ሳይሆን መንግሥቱ ነው። የክፍለ ግዛት መንግሥታት የሚቀመጡበት የፌዴራል ምክር ቤት፣ ቡንደስራት፣ 69 ድምፅ አለው፤ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት እንደ ሕዝቡ ብዛት ከ3 እስከ 6። አብላጫው 35 ነው፤ ድምፅ ተአቅቦ ማለት በተግባር ተቃውሞ ነው። የአንድ ክፍለ ግዛት ድምፅ መከፈል የለበትም። መጋቢት 22 ቀን 2002 ብራንደንቡርግ አራት ድምፅ ነበራት፤ አንዱ ሚኒስትር አዎ፣ ሌላው አይ አለ። ሊቀመንበሩ ሚኒስትር ፕሬዚዳንቱን መልሶ ጠይቆ «አዎ» ሲባል አራቱንም አዎ ብሎ መዘገበ። ሕጉ አለፈ። በታኅሣሥ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ሕጉን ሻረው፤ የተከፈለ ድምፅ ሊቆጠር አይችልም፣ ሚኒስትር ፕሬዚዳንቱም በዚያ አዳራሽ ለሌሎቹ አዛዥ አይደለም ብሎ። ጥምር መንግሥት ያለው ክፍለ ግዛት አሁን ይህንን በጥምረት ውሉ ላይ ይጽፈዋል፤ ካልተስማማን ድምፅ ተአቅቦ እንሰጣለን።

ጠያቂው
የመጨረሻ። ማዕከሉ ገብቶ ሁለቱንም፣ ምክር ቤቱንም አስፈጻሚውንም፣ ገለል ሲያደርግ ማን ይቆጣጠረዋል?

ነገረ ፈጅ
አገር በአገር ነው፤ የምትፈልገው ማን እንደሚጀምር፣ ማን እንደሚያጸድቅና ምክር ቤቱ በዚያ መሃል ይፈርሳል ወይስ ይታገዳል የሚለውን ነው።

በኢትዮጵያ በአንቀጽ 62(9) አንድ ክልል ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን አደጋ ላይ ከጣለ ጣልቃ ገብነት የሚያዘው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ዝርዝሩ በአዋጅ ቁጥር 359/1995 አለ። የክልሉን ምክር ቤትና ከፍተኛውን አስፈጻሚ ማገድና ጊዜያዊ አስተዳደር ማቋቋም የሚቻለው በዚያ ነው፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጉዳይ የተወሰነውም በዚሁ ነው። አንቀጽ 51(14) ከዚህ የተለየ ነገር ነው፤ ክልሉ ራሱ ከአቅሜ በላይ ሆነ ብሎ ሲጠይቅ መከላከያ የሚሰማራበት። ሁለቱን የሚያቀላቅል ብዙ ነው፤ በአንዱ የክልሉ ጥያቄ የግድ ነው፣ በሌላው ክልሉ ራሱ ተጠያቂው ነው።

በህንድ በአንቀጽ 356 የአገረ ገዢው ሪፖርት ይቀርባል፣ ፕሬዚዳንቱ ያውጃል፣ ፓርላማው በ2 ወር ያጸድቃል፣ በየ6 ወሩ ይታደሳል፣ ከ3 ዓመት አይበልጥም። በ1994 ዘጠኝ ዳኞች በቦማይ ጉዳይ ሁለት ነገር ጨመሩ። ቺፍ ሚኒስትሩ አብላጫ አለው የለውም የሚለው በአገረ ገዢው ሳሎን ሳይሆን በምክር ቤቱ ወለል ላይ ይቆጠር። ፓርላማው እስኪያጸድቅ ደግሞ ምክር ቤቱ ይታገድ እንጂ አይፍረስ። ሁለተኛው በተለይ ብልህ ነው፤ የፈረሰን ምክር ቤት ፍርድ ቤት መልሶ ሊያስነሣው ይቸገራል፣ የታገደን ግን በማግስቱ ስብሰባ ሊጠራው ይችላል።

ሸንጎ
ናይጄሪያ ላይ ደግሞ ፖሊሱን ጨምርበት። አገረ ገዢውን ሁሉም «የክፍለ ግዛቱ የጸጥታ ኃላፊ» ይለዋል። አንቀጽ 215(4) ግን የፖሊስ ኮሚሽነሩ የአገረ ገዢውን ትእዛዝ ከመፈጸሙ በፊት ለፕሬዚዳንቱ ይቅረብልኝ ማለት ይችላል ይላል። ምክር ቤቱና አገረ ገዢው ሲጣሉ የአዳራሹን በር ማን ይከፍታል የሚለው የሚወሰነው ከክፍለ ግዛቱ ውጭ ነው።

ጠያቂው
አሁን የያዝኩት የክፍለ ግዛት ሕገ መንግሥት «ከምክር ቤቱ አባላት ሁለት ሦስተኛ» ይላል፤ «ጠቅላላ» አይልም፣ «የተገኙ» አይልም። እንዴት ልቁጠር?

ድምፅ ቆጣሪ
እዚያው ሰነድ ውስጥ ሌላ ቦታ «ከተገኙት» የሚል ፈልግ። ካገኘህ ጸሐፊዎቹ ልዩነቱን ያውቁ ነበር ማለት ነው፤ ያንተኛው ከጠቅላላው ነው ብለህ ተከራከር። ካላገኘህ የምልዓተ ጉባኤውን አንቀጽና የምክር ቤቱን የአሠራር ደንብ እይ። ባዶ መቀመጫ ካለም ጥያቄው ይቀጥላል፤ 60 ተደንግጎ 57 ሰው ካለ 40 ነው ወይስ 38? አስተማማኙ በትልቁ መሄድ ነው፤ 40 ካገኘህ የሚከስህ የለም።